ውዱእ ላድስ

እኔ ትርፌ አፌ የማይያዝ ሴት ነኝ፤ አሰላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ያን ቀን ገጠር ወርጄ ዲክሲስ ላይ ግን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

የሄድንበት ጥናት ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆኑ ወንዶችን የሽንት ችግር የሚመለከት ነበር። እኛ ነርሶች ቤት ለቤት እየዞርን መጠይቅ እንሞላለን፤ ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው አሰላ ተጠርቶ በነጻ ይመረመራል። በስልጠናው ላይ አጥብቀው የነገሩን አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄውን እንደተጻፈ አንብቡ፣ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ።

አባባ ቱሳ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ያለፋቸው፣ አማርኛን ቆጥበው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። እኔም ኦሮምኛ እሰማለሁ እንጂ ስናገር እሰናከላለሁ። ምራታቸው አጠገባችን ገብስ ታበጥራለች። መጠይቁ «ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» ይላል። አባቴ በሚሆኑ ሰው ፊት፣ ምራታቸው እየሰማች፣ ያቺን ቃል እንዴት ላውጣት? ዋጥኳት።

«አባባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» አልኳቸው።

ምራታቸውን በጎን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አምስቴም ስድስቴም እነሳለሁ፣ ልጄ። ውዱእ ላድስ።»

ውዱእ ከሶላት በፊት የሚታጠቡት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ነው ያደግኩት። ሌሊቱን በጸሎት የሚያነጉ ሰው አገኘሁ ብዬ ልቤ ተነካ። የሚያስቸግራቸው ነገር እንዳለ ስጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ለሽንት የሚነሱበት ላይ ዜሮ ጻፍኩ፤ ሌላውም ዜሮ ሆነ። ስነሳ መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፣ እኔ ሞኟ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በምሠራበት የሆስፒታል ክፍል አባባ ቱሳን አልጋ ላይ አገኘኋቸው። የሽንት ከረጢት ጎናቸው ተንጠልጥሏል። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ቀደም ብለው ቢታዩ ኖሮ ይድኑ ነበር አለ።

የዚያኑ ዕለት ቅጹን ፈልጌ አወጣሁ። ጥናቱ ላይ አብሮኝ ለሠራው ለሚፍታ አሳየሁት፤ አባባ ቱሳ ያሉኝንም ነገርኩት። ቅጹን አንብቦ መለሰልኝ።

«ትርፌ፣ ውዱእ እኮ በጠብታ ሽንት ይበላሻል» አለኝ። «ስድስቴ እሸናለሁ ማለታቸው ነው። ትልቅ ሰው በሴት ፊት ሌላ ምን ብሎ ይናገር?»

ቅጹ ጠርዝ ላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ «እጅግ ጸሎተኛ አባት» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ነው ያደግኩት። እሳቸው አልደበቁም። የደበቅኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ልነግራቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እማማ ፋጡ አጠገባቸው ሾርባ ያበርዳሉ፤ አማርኛ አይሰሙም።

«አባባ፣ አወቁኝ?»

«በሽታዬን የነገርኩሽን ልጅ እንዴት እረሳለሁ?» አሉ። «ልጆቼ ሐኪም ቤት እንውሰድህ ሲሉኝ፣ ለሐኪም ነግሬያለሁ፣ መድኃኒት ቢኖረው ይጠሩኝ ነበር እያልኩ እምቢ አልኳቸው።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የዋጥኳትን ቃል፣ ዜሮዋን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መድኃኒት ነበረው?» አሉ።

«ነበረው፣ አባባ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ፋጡ ማንኪያውን እንደያዙ ምን እንዳልኩ በኦሮምኛ ጠየቋቸው። አባባ ቱሳ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ከመጀመሪያውም መድኃኒት አልነበረውም፤ በከንቱ አትቆጩ እያለችን ነው» አሏቸው በኦሮምኛ።

እማማ ፋጡ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ማንኪያውን አስቀምጠው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ይመርቁኝ ጀመር። አላህ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ እንዳሳረፍሽን ያሳርፍሽ።

«አሚን» አልኩ።