ስለ ቢላው የጠየቁት ሰው

ሥራ አስኪያጅ ማስተማር ሕፃን ከማስተማር ይከብዳል። ሕፃን ሲሰለቸው ያዛጋል፤ ሥራ አስኪያጅ ሲሰለቸው የግምገማ ቅጽ ይሞላል። እዚህ ካምፓላ «ባዮቴክኖሎጂ ለሥራ አስኪያጆች» የሚል የሁለት ቀን ስልጠና መስጠት የጀመርኩ ጊዜ፣ ከሃያ ሁለት ቅጽ አሥራ ስምንቱ «ዝርዝር በዛ፣ የሺሀረግ ታደክማለች» ይል ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ስላይዶቼን እንደ ጎመን ከተፍኳቸው።

ስለ ሙዝ ሁለት ስላይድ ነበረኝ። አንዱ፣ በቤተ ሙከራ የተባዛ የሙዝ ችግኝ ከበሽታ ነፃ ሆኖ እንደሚወጣ ይናገራል። ባለ ሱፎቹ ይህን ስለሚወዱት አቆየሁት። ሁለተኛው፣ ያው ንጹሕ ችግኝ መሬት ከገባ በኋላ እንደማንኛውም ሙዝ ሊታመም እንደሚችል፣ በሽታውንም ከግንድ ወደ ግንድ የሚያዞረው ብዙ ጊዜ የመቁረጫው ቢላ እንደሆነ ያስረዳል። እሱን ጣልኩት።

ሁለተኛውን ዙር ቡኮቶ ሰፈር አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰጠሁ። የባንክ፣ የኢንሹራንስና የመጠጥ ፋብሪካ ኃላፊዎች መጡ። ከእነሱ መካከል ድርጅት ሳይልካቸው በራሳቸው የተመዘገቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አቶ ተስፋጋብር። ካምዎክያ ሰፈር ለዓመታት የመኪና ዕቃ የነገዱ ኤርትራዊ ናቸው። ከባለቤታቸው ከለቲ ጋር ሱቁን ሸጠው ጋያዛ መንገድ ላይ መሬት ገዝተዋል፤ ከቤተ ሙከራ የመጣ፣ እዚህ ማቶኬ የሚሉት የሚቀቀል ሙዝ ችግኝ ተክለውበት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ እርሻ ሌላ ምንም የላቸውም።

በር ላይ ሲያገኙኝ በአማርኛ፣ «ጓለይ፣ የአገር ልጅ ስታስተምር ማየት ደስ ይላል» አሉኝ፤ «ጓለይ» በትግርኛ «ልጄ» ነው። እኔ በእንግሊዝኛ መለስኩላቸው። ለምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ባለ ሱፎቹ የሐበሻ ማኅበር እንዳይመስላቸው ብዬ ነው።

በሁለተኛው ቀን፣ ለሻይ ልንወጣ ስንል፣ አቶ ተስፋጋብር ተነሡ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ሠራተኞቻቸው አንድ ግንድ በቆረጡ ቁጥር ቢላውን በእሳት እንደሚለበልቡ ተናገሩና፣ «ችግኙ ንጹሕ ከሆነ ይሄ ነገር ይቀራል ወይስ ይቀጥል?» ብለው ጠየቁ።

ከፊት የተቀመጠው የባንክ ኃላፊ፣ «አባት፣ ባዮቴክኖሎጂ ልንማር ነው የመጣነው ወይስ ወጥ ቤት?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የአገሬ ሰው በዚያ ሁሉ ሱፍ መሐል ስለ ቢላ መጠየቁ አሳፍሮኝ ነበር። በሻይ ሰዓት እንነጋገራለን አልኳቸው። በሻይ ሰዓት ግን ያው የባንክ ኃላፊ ለሠራተኞቹ በሙሉ ስልጠና እንድሰጥ ሊያነጋግረኝ ያዘኝ። አቶ ተስፋጋብር ኩባያቸውን ይዘው ትንሽ ራቅ ብለው ሲጠብቁ በዓይኔ ጠርዝ አያለሁ። ከዚያ ወደ አዳራሽ ተመለስን። የዚያን ዙር ቅጽ ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ሞሉልኝ።

ከስምንት ወር በኋላ ባለቤታቸው ለቲ ቁጥሬን ከስልጠናው ወረቀት ላይ አግኝታ ደወለች። «የሺ፣ ሙዙ ታመመብን። ብትመጪና ብታዪው» አለችኝ።

ከጋያዛ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ሳይክል ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ፍሬው ያለ ጊዜው በስሏል፣ ሲከፈት ውስጡ ቡናማ ነው። አንዱን ግንድ ቆርጠን ስንጠብቅ መግል የመሰለ ፈሳሽ ወጣው። ሳይቆረጥም አውቄዋለሁ፤ በሽታው የሄደው በመስመር በመስመሩ፣ ቢላው በሄደበት ነበርና።

«ቢላውን መለብለብ መቼ ተዋችሁ?» አልኩ።

«ከስልጠናው በተመለስኩ ማግሥት» አሉ አቶ ተስፋጋብር። «ሠራተኞቹ ጊዜ ይፈጅብናል እያሉ ያማርሩ ነበር። አንቺ ስትስቂ፣ የማያስፈልግ ነገር ነው የጠየቅኩት አልኩና አስቆምኳቸው።»

ንግግራቸው ወቀሳ አልነበረበትም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብትደውሉልኝ?» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው ያፈርኩት።

«ሥራ በዝቶብሽ ነበር። አየሁሽ እኮ» አሉኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሁሉም ተነቅሎ መወገድ እንዳለበት፣ ቦታውም ቢያንስ ስድስት ወር ሙዝ ሳያይ መቆየት እንዳለበት ነገርኳቸው። ድምፄን አስተካክዬ፣ እንደ ባለሙያ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ደጃፉ ላይ የቆመችው ለቲ፣ «ስድስት ወር ምን በልተን?» አለች። «መሬቱን የሚገዛ ሰው አግኝተናል። በወሩ መጨረሻ እንለቃለን።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ይቅር በሉኝ።» እንባዬ መጣ። ለቲ ፊቷን አዞረች፤ እውነቷን ነው።

አቶ ተስፋጋብር ወደ ቤት ገቡ። ተቀይመው ነው ብዬ ልሄድ ስነሣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«በይ አሁን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ።

«ለመሸጥ ተስማምታችሁ የለም እንዴ?»

«ለእኛ አይደለም። እዚህ ጎረቤት ያሉት አራት ገበሬዎች እኔን አምነው እነሱም መለብለብ ትተዋል። ካምፓላ ተምሮ መጣ ብለው። የእነሱ ገና አልታመመም፤ ሳልሄድ ልንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ንጹሕ ችግኝም ይታመማል። ከእያንዳንዱ ግንድ በኋላ ቢላው በእሳት ይለብለብ፣ አለዚያ በበረኪና ይነከር። የታመመውን ግንድ በነካ ቢላ ጤነኛው አይቆረጥ። እሳቸው በትግርኛ እየጻፉ እያንዳንዱን መልሰው አነበቡልኝ። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

«ይኸው ነው?» አሉ ቀና ብለው፣ ሌላ የሚቀር መስሏቸው።

«ይኸው ነው» አልኩ።