የወንድም ሜዳልያ በቀኝ ደረት

ባክታዋር ሲንግ በዚያን ዕለት ጠዋት ከገመድ አልጋው አልነሳም አለ። በጉልበቱ አመካኘ። ጉልበቱስ እውነቱን ነው፤ ግን ትናንት ከማሳ ያመለጠችውን የቤት ጎሽ ሲያሯሯጥ ሕመሙ የት ሄዶ ነበር?

ነገሩ ሜዳልያው ነው። ታላቅ ወንድሙ የመቶ አለቃ ጉርዲት ባሕር ተሻግሮ ለእንግሊዝ ጦር ሲዋጋ ከረን ተራራ ላይ ወድቆ የተሸለመው የብር ሜዳልያ። ሬሳው እዚያው ቀረ፤ ሜዳልያው በፖስታ መጣ። በዓመቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች የሟቹን ሚስት ኒሃል ካውርንና ባክታዋርን ጎን ለጎን አስቀምጠው አንድ ነጭ ጨርቅ ከላይ ጣሉባቸው። ጋብቻው ይኸው ነበር። "ትፈልጋለህ ወይ?" ያለው የለም። እሷንም የጠየቃት የለም።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ ቀን በመጣ ቁጥር፣ ኒሃል ሜዳልያውን በአመድና በሎሚ አሽታ በባሏ ቀኝ ደረት ላይ ትሰካዋለች። የተሸለመው ሰው ራሱ በግራ ያደርጋል፤ የሟች ዘመድ በቀኝ። ባክታዋርም ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄዶ ፀሐይ ላይ ይገተራል። ልጆች ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ለእሱ አይደለም። ስሙን እንኳ የሚጠራው የለም፤ "የመቶ አለቃው ወንድም" ነው። ስድሳ ሊሞላው ነው፤ ከመሞቱ በፊት አንዴ እንኳ በገዛ ቤቱ ራሱን ሆኖ መቀመጥ አማረው።

ጎረቤቱ ካራም ትራክተሩን ደጅ አቁሞ ጥሩምባውን ነፋ።

"አንተ ሽማግሌ! ተነስ እንጂ! ሜዳልያው እግር የለው፣ እግሩ አንተ ነህ!"

"ዘንድሮ በራሱ ይሂድ!" አለ ባክታዋር እንደተጋደመ።

ኒሃል ሜዳልያውን ይዛ ከጓዳ ወጣች። "የጊያን አባት፣ ቀና በል ልስካልህ።"

"ደከመኝ፣ የጊያን እናት። የሱን ማሳ አረስኩ፣ የሱን ሚስት አገባሁ፣ የሱን ሜዳልያ ተሸከምኩ። ጉልበቴ እንኳ የራሴ ይሁን።"

እንዲህ ብሏት አያውቅም። ኒሃል የሜዳልያውን መርፌ ከፈተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰካችለት። ባክታዋር ቁልቁል አየ።

"ግራ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"አብደሻል? ሰው ምን ይላል? ግራው የጀግናው ነው!"

"እሱ የጀገነው አንድ ቀን ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ከኔ ጋር የኖረው አራት ወር። ልጃችን ጊያን ሲታመም አዝለህ ጎርፍ ያሻገርከው አንተ። በየማታው እየተነጫነጭክም ቢሆን ቤትህ የተመለስክልኝ አንተ። ታዲያ ሌላ ሜዳልያ ከየት ላምጣ?"

ባክታዋር ከአልጋው ቀና ብሎ ተቀመጠ። ካራም ደጅ ሆኖ ደግሞ ነፋ፤ የሰማው የለም።

"ወደ ቀኝ መልሺው" አለ በመጨረሻ። "ተራራውን የወጣው እሱ ነው። ምስኪን፣ ሠላሳ እንኳ አልሞላውም ነበር።"

መለሰችው። እሱም ጉልበቱን እየረገመ ትራክተሩ ላይ ተንጠላጠለ።

"ሙሽራው ወጣ!" አለ ካራም።

"ዝም ብለህ ንዳ!"

ሜዳው ላይ ፀሐዩ እንደ ሁልጊዜው አናት ይበሳል፤ ልጆቹም እንደ ሁልጊዜው ለሜዳልያው ሰላምታ ሰጡ። ባክታዋር ግን በአውራ ጣቱ በግራ በኩል ሰደርያውን ይዳብስ ነበር፤ መርፌው የተዋቸውን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች።