በሚመችዎ ጊዜ

እህቴ የቆዳ ፋብሪካ ጸሐፊ ነበረች። ለውጭ ገዢዎች የሚላከውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምትጽፈው እሷ ነበረች። ከቀበርናት ወዲህ ሰው ሁሉ "ድንገት ምን ነካት?" ይለኛል። ድንገት አልነበረም።

አንድ ጊዜ ለትልቅ ደንበኛ "አዝ ሱን አዝ ፖሲብል" መልስ እንዲሰጠን ብላ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ የተሳሳተ ደብዳቤ ሲያገኝ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቦ ጸሐፊዋን ያስነብባል። ቆማ አነበበች።

"ቶሎ በል ነው ያልሽው? አሽከርሽ ነው?"

"ኧረ ጌታዬ፣ በትሕትና ነው..."

"ትሕትና እቴ! ለትልቅ ሰው 'አት ዩር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ' ነው የሚባለው። በሚመችዎ ጊዜ! ድገሚው።"

ደገመችው። ገንዘብ ያዡ ከኋላ "ጮክ በይ፣ እኔ ጋ አልደረሰም" አለ። ሳቁባት። ከዚያ በኋላ ስሟ "እመት ቶሎ በል" ሆነ። እቤት ስትነግረኝ እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሆዷን ያማት ጀመር። ሐኪሙ "አንጀትሽ ላይ እጢ አለ፤ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት" አላት። ሕክምናውን የሚሸፍነው ፋብሪካው ነው፤ ያለ ፈቃድ ከቀረች ደግሞ ትባረራለች። የፈቃድ ማመልከቻ ለመጻፍ ተቀመጠች፤ እዚያ ፋብሪካ እሱም በእንግሊዝኛ ነው።

"እትዬ፣ አስቸኳይ ነው በያቸው እንጂ!"

"ዝም በይ አንቺ። ደግመሽ ልታስነብቢኝ ነው?"

መጨረሻው ላይ ያንኑ የትልቅ ሰው አባባል፣ በቦታው፣ ሳታዛንፍ አሰፈረችው።

መልስ ጠፋ። ሕመሙ ሲጠናባት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ ጠየቀችው።

"በሚመችዎ ጊዜ አይደል ያልሽኝ?" አላት። "ገና አልተመቸኝም።"

ግድግዳ ይዛ ወጣች። ቀናት አለፉ፤ አንድ ጠዋት ሥራዋ ላይ እንዳለች ወደቀች። ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

ለቅሶ ላይ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

"እግዜር ያጥናሽ። እየተማረች ነበር እኮ፤ የመጨረሻዋ ማመልከቻ አንድ እንከን አልነበረባትም።"

አክስቴ "እግዜር ይስጥልን፣ ደከሙ" አለችው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንቺስ እንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ? ቦታው ክፍት ነው" አለኝ።

አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። በቤታችን ከእህቴ ሌላ ደመወዝ የሚያገኝ አልነበረም።

"አዎ፣ ጌታዬ" አልኩት።