በግራ የቆሙት ሴቶች

መምህር የኔሰው ከቢቸና ሞጣ ሲመላለስ ይህ ሦስተኛው ነው። ወገቡ እስኪቆረጥ በአውቶቡስ የሚንገላታው ደግሞ ለአንድ ፎቶግራፍ ሲል ነው።

ፎቶው ከአንድ የጣሊያን ወታደር አልበም የወጣ ሲሆን ከጀርባው «ሞጣ» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኋላው ጫፉ የተሸረፈ ተራራ፣ በግራ በኩል ከቅዳሴ የወጡ ሴቶች፣ ከፊታቸው እጃቸው የታሰረ አምስት ሰዎች። አራተኛው የተማረከ የጣሊያን ኮት ለብሷል። የየኔሰው ጎረቤት እማማ አገሬ፣ አባታቸው እንዲህ ያለ ኮት ለብሶ እንደተረሸነና በወደቀበት እንደተቀበረ ከእናታቸው ሰምተዋል። እናትየው ሌላ ባል አግብተው ስለነበር የሟቹን ነገር በቤት ውስጥ አንስተው አያውቁም፤ ሊሞቱ ሲሉ ይህችን ብቻ ተናግረው፣ ቦታውን ሳይጠሩ አረፉ።

እማማ አገሬ ዓይናቸው ስለደከመ ፎቶውን አያዩትም። የሚሹት አንድ ነገር ነው።

«ቦታውን አሳየኝና ቆሜ ላልቅስለት። አንድ ቀን ሳላለቅስለት ብሞት ምን ብዬ አገኘዋለሁ?»

የኔሰው መጀመሪያ የሄደው እማማ አገሬ ልጅ ሳሉ ወዳስቀደሱበት የሞጣ ደብር ነበር። መርጌታ ወልደ ኪዳን በስልኩ ያለውን ፎቶ አንዴ አይተው መለሱለት። «የኛ አይደለም። ጉንደ ወይን ሞክር።» ጉንደ ወይኖች ደግሞ «የኛ ተራራ ይህን አይመስልም» ብለው ወደ ሞጣ መለሱት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ መርጌታ መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። «ነገርኩህ እኮ!»

ዛሬ እማማ አገሬን ይዞ መጣ፤ ሌላ ጊዜ ለመምጣት ጉልበት የላቸውም። መርጌታ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። የኔሰው ትዕግሥቱ አለቀ።

«ለምንድን ነው የእናንተ ያልሆነው? ምክንያቱን ይንገሩኝና ልረፍ!»

«ዓይን የለህም? ፊት ለፊት ያለው የምዕራብ በር ነው። ሴቶቹ በግራ ቆመዋል። ግራው ሰሜን፣ የወንዶች በር! ሴት በወንድ በር የምትወጣበት ደብር እዚህ የለም። እንዲህ ያለ ነውር በእኛ ላይ አታምጣ!»

 የኔሰው ስልኩን ነካ አድርጎ የፎቶውን ግራ ቀኝ አደረገው። ለካ ፎቶው ሲታተም ተገልብጦ ኖሯል። ሴቶቹ ወደ ደቡብ በራቸው ተመለሱ፤ የተሸረፈው ተራራም አሁን በቆርቆሮ ከተተካው ክዳን በላይ ከሚታየው ጋር ቁልጭ ብሎ ገጠመ።

«ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ በንዴት።

«መች ጠየቅኸኝ?» አሉ መርጌታ።

 የኔሰው የእማማ አገሬን እጅ ይዞ፣ ፎቶውንና በሩን እያስተያየ፣ ከደቡብ በር ስምንት እርምጃ ያህል ወዲህ አቆማቸው።

«እዚህ ነው፣ እማማ።»

በዘንጋቸው መሬቱን ዳበሱት። «ይህ የሴቶች መውጫ አይደለም?»

«ነው።»

ላልቅስ ብለው የመጡት ሴትዮ አላለቀሱም።

«እናቴ ውስጥ ገብታ አስቀድሳ አታውቅም» አሉ። «ዝናብም ቢሆን የምትቆመው እዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ‹ሰው እያየን ምን ይገትርሻል፣ ግቢ እንጂ!› እያልኩ በየሰንበቱ ስጎትታት ኖርኩ።»