ዝምተኛውን ማን ይተካው

«ሰላዩን የሚሆነው ቀጭኑ ነው፤ ያ ዜና አንባቢው» አለ አጎት፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ።

«ዜና አንባቢ ደግሞ ምኑ ነው ሰላይ የሚሆነው?» ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት እንጂ ክርክሩን ልትተው አልነበረም። «እሱ ሲያወራ ሁሉ ነገር የአየር ትንበያ ይመስላል። ሰላይ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።»

«በሬዲዮ ዝም ያለ ሰው በምን ይታወቃል?»

«በዝምታው ነዋ።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቅ አምልጧቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ታላቋ ልጅ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ሳቁ አላስከፋትም። አባቷ በሬዲዮ ድራማው ላይ «ዝምተኛው» የተባለውን ሰላይ ሆኖ ስንት ዓመት ከርሞ ሲሞት፣ ሰዎች ተተኪውን ሲያማርጡ መስማት ከለቅሶው ይቀላል። እሷን የያዛት ሌላ ነገር ነው። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው ማንም አያውቀውም።

ሰውየው ሲገባ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም። እጆቹ ወፋፍራም ናቸው። ክንዱ ላይ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ድረስ ጠባሳ አለ። ሻይ ስታቀርብለት ቀና ብሎ አላያትም። አንዳንዴ ብቻ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባቷን ፎቶ እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

«ያ ሰውዬ ማነው?» ብላ አጎቷን በጆሮው ጠየቀችው።

«የናንተ ሰው መስሎኝ።»

የሰውየውን ጠባሳ ደግማ አየችው።

ገና ተማሪ ሳለች ነበር ነገሩ የጀመረው። በድራማው ላይ ዝምተኛው አንድ ባለ መድኃኒት ቤት አጋለጠ። ደራሲው ከራሱ ያወጣው ታሪክ ነው። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሰሞን በከተማው አንድ የእውነት ባለ መድኃኒት ቤት ታሰረ፤ ለምን እንደታሰረ የነገረው ሰው የለም። የተዋንያኑ ስም በሬዲዮ አይነገርም ነበር፤ አዘጋጁ፣ ስሙ የታወቀ ሰላይ ማንንም አያስፈራም ባይ ነው። ድምፅ ግን ከሰው ጋር ይዞራል። አንድ ቀን አባቷ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ «ይሄ መኪና ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከፊቱ የቆመው ሰው ዞረ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ። የታሳሪው ወንድም ነበር።

አባቷ ጆሮው እየደማ ቤት ገባ። ድራማ ነው ብሎ ሊያስረዳው ሞክሮ ነበር። ሰውየው ግን «ወንድሜን በድራማ አይደለም ያሰሩት። ሁለተኛ ድምፅህን አጠገቤ የሰማሁ ቀን እገድልሃለሁ» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ከቤቱና ከቀረጻ ክፍሉ ውጪ አፉን አልከፈተም። አውቶቡስ ላይ «ወራጅ አለ» የምትለው እሷ ነበረች። ሥራውንም አልተወም፤ ሌላ አያውቅም። ኋላ ትምህርት ሩቅ አገር ሲወስዳት ነገሩን ለጓደኞቿ እንደ ቀልድ ታወራው ነበር፤ አባቷም አጋኖት እንደሆነ ለራሷ አሳምና ነበር። ከተመለሰች ወዲህ ግን ያን ያህል እርግጠኛ አይደለችም። ከኋላዋ ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር አሁንም ዞራ ታያለች።

በሩ ተንኳኳና የድራማው አዘጋጅ ገባ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ እናቷ አጠገብ ተቀመጠ፤ ካጽናናት በኋላም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ልጅቱ የሰማችው ቁርጥራጩን ነው። «...ዝምተኛው በሩን ሊከፍት እጀታውን እንደያዘ ነው የቀረው... አድማጩ ሊበላን ነው... ታናሽየው ድምፁ...»

ወዲያው ጓዳ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ አነሣው። እንደ አባቱ መጀመሪያ አየር ሳበ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ሰዎች ሬዲዮአቸው የተበላሸ እየመሰላቸው በጥፊ እስኪመቱት የሚያደርሰው ያ ዝምታ።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

የልብስ ሰፊዋ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። በሩ አጠገብ የነበረው ሰው ብድግ ብሎ ወደ ጓዳው ተራመደ።

«ይሄ ዝምተኛው ነው» አለ። «እዚህ ምን ይሠራል?»

ልጅቱ እንዴት እንደደረሰች ሳታውቀው የጓዳው በር ላይ ተገትራለች፤ የሚፋጀውን ማንቆርቆሪያ ወደ ሰውየው ፊት አንሥታለች።

«ማነህ አንተ?»

«ኧረ ቀስ፣ እህቴ።» ሰውየው ሁለት እጁን ዘረጋ። «ዳቦ ጋጋሪው ነኝ፤ ከመታጠፊያው ላይ ያለሁት። ሟቹ ደንበኛዬ ነበሩ። ዱዳው... ይቅርታ፣ ስማቸውን ስለማናውቅ እንደዚያ ነበር የምንላቸው።»

«ዱዳው?» አለ አጎት።

«በጣት ነበራ የሚገዙት። ሁለት ጣት፣ ሁለት ዳቦ። ድራማው ሲጀምር ሬዲዮውን ከፍ አደርግላቸዋለሁ፤ መናገር ባይችሉ ይስሙ ብዬ። እስኪያልቅ ቆመው ያዳምጣሉ። አንዴ ዝምተኛው ሲናገር ፊታቸውን ጭፍግግ አደረጉ። ‹ምነው አልጣመዎትም እንዴ?› ብላቸው በእጃቸው እንደነገሩ ነው አሉኝ።»

እየተናገረ ሳለ ፎቶውን አየ፤ ጓዳውን አየ፤ አዘጋጁን አየ። ማንም ምንም ሳይለው ገባው። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

ታናሽየው መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። «ምን ሆናችሁ?»

«በል እንግዲህ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የብርጭቆ ስብርባሪ እየለቀመች። «ሌላ ማን ልትፈልጉ ነው?»

ሁሉም ታናሽየውን ዓይን ዓይኑን ያየው ጀመር። ልጁ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። «እኔ ትወና የት አውቄ?» አለ እየሣቀ። «ደንበኞቼን ‹ነገ እመጣለሁ› ስል ካልሆነ በቀር።» ግን ደስ ብሎታል፤ ጆሮው ቀልቷል።

ልጅቱ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ዳቦ ጋጋሪ በግድግዳ ማዶ በሦስት ቃል ለየው። ያኛው ሰው፣ የታሳሪው ወንድም፣ ስንት ቃል ይበቃዋል? አዘጋጁን ሲወጣ ተከትላ ደረጃው ላይ ያዘችው።

«ያ አባቴን የመታው ሰውዬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ?»

«ስንት ዘመኑ! ሞቶም ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል ማለት ምን ማለት ነው?»

አዘጋጁ ባርኔጣውን አደረገ። «መልሱን ለነገ ንገሩኝ» ብሎ ወረደ።

ሰው ሲቀልላቸው እናቷን ኩሽና ውስጥ አገኘቻት።

«እማዬ፣ አትሂድ በይው። አንቺ ካልሽው ይሰማል።»

እናትየው የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። «ልለው ነበር» አለች። «አባትሽን ስንት ዓመት በር በሩን እያየሁ ነው የጠበቅሁት። ያንን ለጠላቴም አልመኝም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰማሁት።» ውኃውን ዘጋች። «ልቤ ከዳኝ፣ ልጄ። በሳምንት አንዴ እንኳ ብሰማው ብዬ ተመኘሁ። ፍረጂብኝ።»

ልጅቱ ያን ሁሉ ዓመት እናቷን ከፍርሃቱ ወገን አድርጋ ነበር የምትቆጥራት፤ አሁን ብቻዋን ቀረች።

ታናሽየው በራፉ ላይ ብቅ አለ። «እማዬ፣ ነገ ልሂድ ወይስ ልተው?»

«ሂድ» አለች እናቱ። ቀጥላም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «እስቲ እንደ አባትህ ጥራኝ» አለችው።

«ተዪ እንጂ።»

«አንዴ ብቻ። ከውጭ ሲገባ እንደሚለኝ።»

አባታቸው ቀኑን ሙሉ የዋጠውን ሁሉ ይዞ ሲገባ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው «የኔ እመቤት» ነበር። ልጁ አፍሮ እህቱን አየ። ከዚያ አየር ሳበ።

እህቱ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ ተናግሮ እስኪጨርስም መቀርቀሪያውን በእጇ ተጭና ቆየች።