የጎን ፊት

አለቃ አስናቀ የስንቱን ደሴት ቤተ ክርስቲያን በሥዕል ሲሞሉ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሩሻቸውን አስቀመጡ። ሚስታቸው ወለላ ከሞቱ ወዲህማ ሥራቸው መስኮት ሥር ተቀምጦ ጣናን ማየት ሆነ። አንድ ልጃቸው ማህሌት ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ በእረፍቷ ትሥላለች። እሳቸውን ወደ ሐይቁ እንዳዩ፣ ከጎን ሣለቻቸው። ፊት ለፊታቸው ደግሞ ራሷን፣ መድኃኒት ስታቀብል፤ ራሷንም ከጎን።

አለቃ ሥዕሉን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አንች ልጅ! አንድ ዓይን ለማን እንደሚሣል ጠፋሽ? ለይሁዳ እኮ ነው! ለሰይጣን! ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣል!»

«አባባ ደግሞ! ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሰለዎት?» ብላ ሳቀች። ምነው ሳትስቅ በቀረች!

በማግሥቱ ያልተሣለው የአለቃ ግራ ዓይን ጨለመ። ሐኪሙ በመሣሪያው አገላብጦ አየና «ዓይናቸው ምንም አልሆነም» አለ፤ እሱም ግራ ገብቶታል። ማህሌት ቤት እንደገባች ሥዕሉ ላይ ያለውን የአባቷን ፊት በቀለም ሸፈነችው። እሳቸውን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ በሁለት ዓይን እንደገና ሣለቻቸው። የግራውን ብሌን ስትጨርስ አለቃ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነው ወደ ሐይቁ አዩና «ታንኳዋ ታየችኝ!» አሉ። ማህሌት ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ በደስታ አለቀሰች።

ቀና ስትል ግን ቀኝ ዓይኗ አያይም። ለካ ሥዕሉ ላይ ያለውን የራሷን ፊት ረስታዋለች! ልታርመው ብሩሹን ይዛ መስታወት አነሣች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ማህሌት ፊቷን ወደ ጎን እንዳዞረች ቀረች። መስታወቱን የቱንም ያህል ብታዞረው አልመለስ አለቻት።

«ብሩሹን ወዲህ አምጭ» አሉ አለቃ።

«አባባ፣ እጅዎ እኮ...»

«አውቃለሁ። ወደ እኔ እይ።»

እየተንቀጠቀጡ ፊቷን እንደ አዲስ ሣሉ። ቀኝ ዓይኗ ላይ ሲደርሱ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ብርሃን ሲመለስላት ማህሌት ሥዕሉን አየች። ዓይኑ የእሷ አይደለም፤ የእናቷ ነው።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ አለቃ፤ «እጄ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። በየደሴቱ የሣልሁት እሱኑ ነው።»

ማህሌት ልትሞክረው ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ፊት ለፊቷ የቆሙት አባቷ ፀጉራቸው ጥቁር፣ ትከሻቸው ቀጥ ያለ ጎልማሳ ሆነው ታዩዋት። እሳቸውም ትክ ብለው አዩዋት።

«ወለላ?» አሉ።

«ማህሌት ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አቤት» ነው።