ዳቦውም ቀይ ነበር

በ2007 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የነበረው የሸዋነሽ አሳ ቤት ማስታወቂያ አልነበረውም። በቀይ ሸራ ጥላ ሥር ስድስት ጠረጴዛ፣ ከጥላው ጀርባ አንድ ትልቅ መጥበሻ፣ አጠገቡ ዳጣ የሚፈጭበት ድንጋይ፤ ይኸው ነው። አሳው ረፋድ ላይ ከጫሞ ሐይቅ በፒክአፕ ይመጣል። እንግዳውን የባጃጅ ሾፌር ይዞት ይመጣል፤ የበላ ደግሞ ላልበላ ይነግራል።

ሸዋነሽ የምትጠብሰው ባለ ቅርፊቱን ቆሮሶ ብቻ ነበር፤ ከነራሱ፣ ከነጅራቱ፣ ከነቆዳው። ቅርፊቱ ከተፋቀ በኋላም ቦታው ቆዳው ላይ እንደ መረብ ይታያል። እንዲህ አድርጋ የምታቀርበው ለማሳመር አልነበረም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊት የሌለውን አሳ ደግሞ ከደንበኞቿ የሚበዙት ኦርቶዶክሶች አይነኩም። በእሷ ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ማየት ይበቃ ነበር።

በግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠሩት ጋሽ እንድሪያስ ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ በየቀኑ ይመጣሉ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨርሰናል ባይ ናቸው። አሳው ሲቀርብላቸው በጅራቱ ብድግ አድርገው ጎኑን ያዩና፣ «ይኼ መታወቂያውን አሳይቶ ነው የሚበላው» ይላሉ። ቀልዱን ለዓመታት ደገሙት፤ ሸዋነሽም በደገሙት ቁጥር ሳቀችላቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ፌቨንን ያሳደገችው በዚያ መጥበሻ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

ፌቨን ስልክ የያዘችው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ያኔ የከተማው ልጆች በፌስቡክ «አርባ ምንጭ የት እንብላ» የሚል ገጽ ከፍተው ነበር። አንድ ቀን አዞ ለማየት መጥቶ የነበረ የአዲስ አበባ ሰው በዚያ ገጽ ስለ ቤታቸው ጻፈ። «አሳው ይጥማል፣ ግን እሾሁ አይጣል ነው፤ ራሱም ትሪው ላይ ሆኖ ልጆቼን አፈጠጠባቸው፤ ዘመናዊ ቤት እኮ አጥንቱን አውጥቶ ነው የሚያቀርበው።» ከሥሩ ብዙ ሰው ተስማማ።

ሸዋነሽ ሲነበብላት እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «እነዚህ የተስማሙት በልተው ነው?» አለች።

«አንዳንዶቹ አርባ ምንጭን ረግጠውም አያውቁ። ግን እማዬ፣ ሰው አሁን ሳያነብ አይገባም።»

ይህ እውነት ነበር። እንግዶች በር ላይ ቆመው ስልካቸውን አይተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሸራውን ያዩና ወደ ላይኛው ሆቴል ሲሄዱ ሸዋነሽ ራሷ ታዝባለች። እናም የ2008 ሁዳዴ ሊገባ ሲል አዲስ ቢላዋ ገዛች። ራስና ጅራቱን ቆረጠች፣ ቆዳውን ገፈፈች፣ አጥንቱን አወጣች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቤቱ ሞላ። ሰው ፎቶ እያነሳ ይበላል፣ ፌቨንም የተጻፈውን ምስጋና እያነበበች እናቷን ታስደስታለች። ጋሽ እንድሪያስ ቁራጩን በሹካ ገለበጥ አድርገው፣ «የዚህኛው መታወቂያ የታለ?» አሉ። ሸዋነሽ ሳቀች። እሳቸውም በሉ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው የቤቱን አሳ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። የቆሮሶ ሥጋ ነጭ፣ የአምባዛ ቀላ ያለ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሥጋ ቀልቷል። «በጾም አምባዛ እያበሉን ነው። ቆዳውን የገፈፉት ለምን ይመስላችኋል?» ይላል። እስከ ማታ ድረስ ከተማው ተቀባበለው።

ፌቨን ፎቶውን ደጋግማ ካየች በኋላ አንድ ነገር አስተዋለች። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያለችው ቁራጭ ዳቦም ቀይ ነበረች። ሰውየው ፎቶውን ያነሳው በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ በቀዩ ሸራ ሥር ነው። ይህንኑ ጻፈች። ከባለቤቷ ልጅ ሌላ ምን ይጠበቃል ብለው መለሱላት፤ ወደ ዳቦው ያየ አልነበረም።

ሸዋነሽ በማግስቱ አሳውን እንደ ጥንቱ ከነራሱና ከነቆዳው ጠበሰች። ይኼውላችሁ፣ ሲነቃባት መለሰችው ተባለ። የጾሙት ለሃይማኖታቸው ፈርተው ቀሩ፤ ለአምባዛ ግድ የሌላቸው ጴንጤ ደንበኞቿም የሚያታልል ቤት ምኑ ይታመናል ብለው ቀሩ። ከጫሞ የሚመጣው አሳ ሳይሸጥ ያድር ጀመር። እሷ ግን አንድ ሰው ትጠብቅ ነበር። ጋሽ እንድሪያስ ረቡዕ አልመጡም፤ ዓርብም አልመጡም።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘቻቸው። እሳቸው ቀድመው ባርኔጣቸውን አነሱ፣ ስለ ፌቨን ትምህርት ጠየቁ፣ ስለ ሙቀቱ አወሩ። እሷ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ጋሽ እንድሪያስ፣ የእኔን እጅ እርስዎ ያጡታል?»

«እኔማ አውቃለሁ፣ ሸዋዬ። ቢሮ ውስጥ ግን ሁሉም አይቶታል። እዚያ ስገባ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጥቂት ራመድ ካሉ በኋላ ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን እንዲያው ለመሆኑ፣ በስህተት አንድ ቀን እንኳ አምባዛ አልገባም?»

ሸዋነሽ ስለ ሰላምታቸው አመስግና ሄደች። እቤት እንደደረሰች አሳ ለሚያመጣላት ለጌታነህ ደውላ ከሰኞ ጀምሮ እንዳያመጣ ነገረችው። ለጥቂት ቀን ነው ወይ ሲላት፣ አይደለም አለችው።

ለፋሲካ ሸራው ተጣጥፎ መጋዘን ገባ። ቤቱን የስልክ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጥ ልጅ ተከራየው። ሸዋነሽ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ተረክባ ለመኪና የምትጭን ሴት ዘንድ በቀን ሥራ ገባች።

በሰኔ ያ ፎቶውን የለጠፈው ሰው እንደገና ጻፈ። ስልኩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ሲያይ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ባነሳው ሌላ ፎቶ የራሱን እጅም ቀልቶ አገኘው። ተሳስቻለሁ፣ የቤቱን ባለቤት ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሏል። ፌቨን እናቷ ከሥራ እስክትመለስ ጠብቃ አነበበችላት። ሸዋነሽ እግሯን እየታጠበች ሰማች፤ ከዚያም ስንት ሰው እንዳየው ጠየቀች።

የመጀመሪያው ጽሑፍ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ለሌላ ተላልፎ ነበር። ይቅርታው ሦስት ጊዜ ተላልፏል፤ አንዱን ያስተላለፈችው ፌቨን ናት።